«ወፍ የለም» ያለው ማነው?

የአዲስ አበባ ልጅ ነገር ሲጠፋበት «ወፍ የለም» ይላል። ኪሱ ባዶ ከሆነ ወፍ የለም። የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ መኪና ካልመጣ ወፍ የለም። ሥራ ያመለከተበት ድርጅት ወር ሙሉ ካልደወለለት ወፍ የለም። አባባሉ ጥሩ ነው፤ አጭር ነው፣ ሁሉንም ይገልጻል። አንድ ችግር ብቻ አለበት። በነሐሴ መጨረሻ ሐይቅ ዳር ለቆመ ሰው አይሠራም።

እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። ላለፉት ሦስት ዓመታት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ አልቆ ጳጉሜን ስትገባ፣ ተያይዘን ወደ ስምጥ ሸለቆ እንወርዳለን። ሰው «ለሽርሽር ነው?» ሲለን «ወፍ ለማየት» እንላለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፊት ታውቁታላችሁ። «ወፍ? ወፍማ ግቢያችሁ ውስጥ አለ አይደል እንዴ?» አዎ አለ። ደግሞም ስንትና ስንት! ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል፤ የግቢያችንም ድርሻ ቀላል አይደለም። በዚህ ወቅት ሐይቅ ዳር የሚሆነው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ነው ዛሬ የምናወራችሁ።

በሌላው ዓለም ይህን ነገር የሚወዱ ሰዎች በዚህ ወቅት የሚሄዱት ወደ ባሕር ዳርቻ ነው። ማዕበሉ ሲሸሽ የሚቀረው ጭቃ ላይ ከሰሜን የመጡ ወፎች በሺህ ይወርዳሉ። እኛ ባሕር የለንም (ይህን ወሬ እዚህ አንከፍተውም፤ ከተከፈተ አያልቅም)። ዳርቻ ግን አለን። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ… ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመኪና መቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በዚች አጭር መንገድ ላይ ጣፋጭ ውሃም አለ፣ ሶዳ የሆነ ውሃም አለ፣ ቄጤማ የበዛበት ረግረግም አለ፣ ባዶ ነጭ ጭቃም አለ። ለወፍ ይህ ማለት በአንድ ሰፈር ውስጥ አምስት ዓይነት ምግብ ቤት እንደማለት ነው።

የመስቀል ወፍና ስም የለሹ እንግዳ

በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። ለአባባሉ ክብር አለን፤ ግን እስቲ ወፉን እንየው። በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ከአካባቢ አካባቢ ይለያያሉ። ብዙ ጊዜ ግን ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ላይ ደምቀው የሚታዩት፣ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የለበሱት ትንንሽ ወፎች ናቸው። ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? የትም አልሄዱም ነበር! ዓመቱን ሙሉ እዚያው ማሳው ዙሪያ ነበሩ። ወንዱ ከወቅቱ ውጪ እንደ ሴቷ ቡናማ ነው፤ ድንቢጥ ብላችሁት ታልፋላችሁ። ዝናቡ ሲመጣ ላባውን ይቀይርና ይሞሸራል። እኛም «መጣ!» እንላለን። አልመጣም፤ ለበሰ እንጂ።

እውነተኛው መንገደኛ ሌላ ነው። እሱ ደግሞ የሚመጣው አውልቆ ነው።

በእንግሊዝኛ «ራፍ» ይባላል። ከእርግብ ብዙም የማይበልጥ፣ እግሩ ረዘም ያለ፣ ቡናማ ላባው ዳር ዳሩ ፈዘዝ ያለ፣ ጭቃ ላይ እየተራመደ የሚለቅም ወፍ ነው። ዝዋይ ዳር ብታዩት ዞር ብላችሁም አታዩትም። ይህ ወፍ ግን በግንቦት ወር ፊንላንድ ወይም ሳይቤሪያ ብታገኙት አታውቁትም። ወንዱ አንገቱ ዙሪያ እንደ ነገሥታት ካባ የተነፋ ላባ ያበቅላል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ ቡኒ፣ አንዱ ነጭ። አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ይዘላሉ፣ ይነፋፋሉ፣ ይተናነቃሉ፤ ሴቶቹ ዳር ቆመው ይመርጣሉ። ከዚያ ወንዱ ጎጆም አይሠራ፣ ጫጩትም አያሳድግ፣ ሥራው አለቀ። ካባውን ያራግፍና ወደ ደቡብ ጉዞ ይጀምራል። (እናቶች፣ ምን እንዳላችሁ ሰምተናል።)

ሴቶቹ ይከተላሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ይመጣሉ። ይህ ነው እኛን በጣም የገረመን። ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ከሚመጡት ከእነዚህ የጭቃ ወፎች ብዙዎቹ ትልልቆቹ ቀድመው ይነሣሉ። በዚያው በጋ የተፈለፈሉት ልጆች ከሳምንታት በኋላ ይነሡና አይተውት ወደማያውቁት አገር፣ ያለ አባትና ያለ እናት ይበርራሉ። ካርታ የለም፣ መሪ የለም፣ «ስትደርስ ደውል» የሚልም የለም። በጳጉሜን ሐይቃችን ዳር ጭቃ የሚለቅሙት ብዙዎቹ ገና የወራት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። በሕይወታቸው ያዩት ሁለተኛው አገር ኢትዮጵያ ሊሆን ይችላል።

ዝዋይ፦ ቁርስ ሰዓት

ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማው ባቱ ይባላል፤ ሐይቁንም ደንበል የሚሉት አሉ። ከመቂና ከካታር ወንዞች ይጠጣል፣ በቡልቡላ ወንዝ ያፈስሳል። ሰፊ ነው ግን ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት አይበልጥም። ለወፍ ይህ ሙገሳ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ማለት ሰፊ ዳርቻ ማለት ነዋ።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ደረስን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እያራገፉ፣ ቆሮሶውን እየበለቱ፣ አንጀቱን ወደ ኋላ እየወረወሩ ነበር። ከኋላ ያለው ሰልፍ እንዴት እንደነበር ብንነግራችሁ! ፊት ለፊት አባ ኮዳዎቹ፣ ራሰ በራ፣ አንገታቸው ላይ ቀይ ከረጢት የተንጠለጠለ፣ ኮት ለብሰው የሚያስቀድሱ ሽማግሌዎች መስለው። ከጎናቸው ፔሊካኖች፣ እንደ ጆንያ አፋቸውን ከፍተው። በመሐል ትንንሽ ነጭ ሳቢሳዎች፣ የወደቀችውን ቁራጭ አንስተው እብስ። ከፊላው ውስጥ ደግሞ መዶሻ የመሰለ ራስ ያለው ቡናማ ወፍ ቀስ እያለ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ የቤት ልጆች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው።

እንግዶቹን ለማየት ከዓሣው ሽታ መቶ ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ከብቶች ውሃ የሚጠጡበት ቦታ፣ ሰኮናቸው የበሳሳው ጭቃ ላይ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከዚያ ጭቃው ይንቀሳቀሳል። አንድ፣ ሦስት፣ አሥራ አንድ፣ ሠላሳ… ራፎቹ ናቸው። አጠገባቸው ጅራቷን ላይ ታች የምታደርግ፣ ከመጠን በላይ ቡና የጠጣች የምትመስል ትንሽ ወፍ አለች። ከላሞቹ እግር ሥር ሆዳቸው ደማቅ ቢጫ የሆነ ቀጫጭን ወፎች ዝንብ ያሳድዳሉ፤ እነሱም ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ናቸው። ውሃው ላይ ደግሞ ሳያርፉ የሚያንዣብቡ ክንፈ ስል ወፎች ነበሩ፤ ግማሽ ላባቸው ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ፣ የጉዞ ልብስ ቀይረው ያልጨረሱ።

አንድ አዛውንት ባለ ጀልባ ምን እንደምናይ ጠየቁን። ባይኖኩላሩን ሰጠናቸው። ለረጅም ጊዜ አዩና መለሱልን።

«ጋሼ፣ እነዚህን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯቸው?» አልናቸው።

«የጭቃ ወፍ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ክረምት ሲወጣ ይመጣሉ፤ ፋሲካ ካለፈ አይገኙም።»

ጨርሰው ነገሩን። በመጽሐፍ ከተጻፈው ጋር ብታስተያዩት አንድ ቃል አይቀየርም። ከነሐሴ አካባቢ እስከ ሚያዝያ፣ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ፣ እዚህ ናቸው። ሰሜን የሚቆዩት ለሠርግና ለወሊድ ብቻ ነው። እና «የአውሮፓ ወፍ» የሚባሉት ለምንድነው? ሰው የሚኖርበት አገር ብዙ ወር የሚያሳልፍበት ከሆነ፣ ራፍ ቀበሌ መታወቂያ ሊሰጠው ይገባል።

አቢጃታ፦ ዳርቻው የሸሸበት

ከዝዋይ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ቡልቡላ ወንዝ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ አብሯችሁ ይወርዳል። መድረሻው አቢጃታ ነው። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የመጣለትን ውሃ ፀሐይ ትጠጣዋለች፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል። ጎረቤቱ ሻላ ሌላ ዓለም ነው፤ 266 ሜትር ጥልቀት አለው። ሁለቱ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ ኮረብታ ተለያይተው ተኝተዋል።

ከመኪና ወርደን ወደ ውሃው መራመድ ጀመርን። ተራመድን። አሁንም ተራመድን። ውሃው ብልጭ ይላል፣ አይቀርብም። መሬቱ ነጭ ነው፤ ላዩ ቅርፊት፣ ሥሩ ጭቃ። አብሮን የነበረው የፓርኩ ስካውት «በዚህ በኩል፣ በዚያ ትሰምጣላችሁ» እያለ ይመራናል። አንድ ቦታ ላይ ቆመና በእግሩ መሬቱን መታ አደረገው። «ልጅ ሆኜ ውሃው እዚህ ነበር» አለ። ውሃው ከዚያ ቦታ ሲታይ ገና ክር ያህል ነበር። ሰውየው ሽማግሌ አይደለም፤ በዕድሜ ከእኛ ቢበልጥ በአሥር ዓመት ነው።

በ1960ዎቹ ዓ.ም አቢጃታ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግማሹን ያህል አጥቶ ነበር። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዝዋይንና የሚመግቡትን ወንዞች ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም፣ አበባውም ይጠጣል፤ ለቡልቡላ የሚተርፈው ቀነሰ። ከሐይቁ ዳር ደግሞ ከ1970ዎቹ ዓ.ም ወዲህ ሶዳ አሽ ለማምረት ውሃው እየተሳበ ወደ ማድረቂያ ኩሬ ተወስዷል። የድርቅ ዓመታት ተጨመሩበት። እንደ ዝዋይ ያለው ሐይቅ ቢጎድል መጀመሪያ የሚያዝነው ጎረቤቱ ነው። እንደ አቢጃታ ያለው ደግሞ የሰንሰለቱ መጨረሻ ስለሆነ፣ ላይ ያለው ሁሉ ከጠጣ በኋላ የተረፈውን ነው የሚጠጣው።

አሁን የፔሊካኖቹን ነገር እንንገራችሁ። ሻላ ውስጥ አንዲት ደሴት አለች። ነጭ ፔሊካኖች በሺህ እየሆኑ እሷ ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ ተመራማሪዎች ጠንተዋቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ጽሑፍ አሳትመውባቸዋል፤ በአፍሪካ ከታወቁት ትልልቅ የፔሊካን መንደሮች አንዱ ነበር። ታዲያ ሻላ ጥልቅ ነው፣ ለፔሊካን የሚሆን ዓሣ የለውም። ደሴቷ ግን ቀበሮም ጅብም አይደርስባትም። ስለዚህ መኝታ ቤታቸው ሻላ፣ ማጀታቸው አቢጃታ ነበር። ጧት ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ይጠብቃሉ፤ ሞቃት አየር ሲነሣ በእሱ ላይ ተሳፍረው እየተሽከረከሩ ይወጣሉ፣ ኮረብታውን ተሻግረው አቢጃታ ይወርዳሉ፤ ሆዳቸውን ቆሮሶ ሞልተው ለጫጩቶቻቸው ይመለሳሉ። በየቀኑ፣ እንደ ሠራተኛ ሰርቪስ።

አቢጃታ ሲያንስ ጨዉ በረታ። ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ዓሣው ሲያልቅ ደሴቷ ባዶ ቀረች። ማንም ፔሊካኖቹን አልተኮሰባቸውም፤ ማንም ደሴቷን አልነካትም። ፓርኩም በካርታ ላይ አንዲት ሜትር አልጎደለም። ውሃው ብቻ ከላይ፣ ከፓርኩ ውጪ፣ ሌላ ቦታ ዋለ። የሻላ ደሴት ላይ ቆሞ «ወፍ የለም» የሚል ሰው ቢኖር አባባል አልተናገረም፤ እውነቱን ነው።

እንዳናጨልመው ደግሞ፣ አቢጃታ ባዶ አይደለም። ከሩቅ ክር የመሰለው ውሃ ሲቀርብ ዳሩ ሮዝ ነበር፤ ፍላሚንጎዎች ናቸው። ትንሹ ፍላሚንጎ በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ዋቅላሚ እያጠለለ ነው የሚበላው፤ ሶዳ የበዛበት ውሃ ለእሱ ችግሩ አይደለም። ጭቃው ላይ ደግሞ ዘንድሮም እንግዶቹ ነበሩ። ከሁሉም ያፈዘዘችን «ትንሿ ስቲንት» የምትባለዋ ናት። ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ገደማ ነው፤ አንዲት ሎሚ አታክልም። የተፈለፈለችው ከኖርዌይ ሰሜን ጫፍ እስከ ሳይቤሪያ ባለው በረዷማ ምድር ነው። ከመካከላችን አንዱ ለግማሽ ሰዓት አንዷን ብቻ ሲከተል ቆየ። ቀና አላለችም። ጭቃውን በምንቃሯ ትወጋለች፣ ትወጋለች፣ ትወጋለች፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ። ከጉዞ በፊት እንዲህ ያለ ወፍ ክብደቱን በእጥፍ ሊጨምር ይችላል፤ ነዳጁ ስቡ ነው። ጭቃው ነዳጅ ማደያ ነው ማለት ነው። ማደያው ከተዘጋ ደግሞ ቀጣዩ ሩቅ ነው።

ሐዋሳ፦ የማን ዳርቻ?

ከሻላ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ ሰማዩ ላይ የሚዞር ነገር አየንና መኪናውን አቆምን። ነጭ ሽመላዎች ናቸው፤ ክንፋቸው ሳይንቀሳቀስ በሞቃት አየር እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ስልሳ ሦስት ቆጥረን ደመና ውስጥ ገቡብን። (ሚኒባስ ውስጥ የነበሩ ሰዎች «ምን ወደቀ?» ብለው ቆመው አብረውን አዩ። ለትንሽ ደቂቃ መንገዱ ዳር አሥራ አምስት ሰው አንጋጦ ነበር። ደስ ይል ነበር።)

ሐዋሳን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ፍቅር ሐይቅን ያላየ ቢያንስ ፎቶውን አይቷል። አሞራ ገደል ሄደን ዓሣችንን በላን፣ ሾርባችንን ጠጣን። አባ ኮዳዎቹ እዚያም እንደ ጥበቃ ሠራተኛ ቆመዋል። ዛፉ ላይ ጉሬዛ፣ ሌላ ዛፍ ላይ ምንቃሩ ከራሱ የሚበልጥ ጥቁርና ነጭ ወፍ እንደ አህያ ያናፋል። ከተማ መሐል ይህን የመሰለ ነገር ያለን ሕዝቦች ነን።

እንግዶቹን ፍለጋ ግን ዳር ዳሩን መሄድ ነበረብን። እዚህ ላይ ነው አጥር የገጠመን። አንዱን አጥር ዞርን፣ ሌላ መጣ። ሌላውን ዞርን፣ ግንብ መጣ። ከአንደኛው ዘበኛ ጋር ትንሽ አወራን። ሰውየው ትሁት ነበር።

«ወንድሞቼ፣ እዚህ ማለፍ አይቻልም። ዳርቻው ለእንግዶች ነው» አለን።

ለየትኞቹ እንግዶች? ብለን ልንጠይቀው ነበር፤ ጥፋቱ የእሱ ስላልሆነ ተውነው። በግንቡ ቀዳዳ ስናይ ፊላውና ቄጤማው ተነቅሎ፣ ዳሩ በድንጋይ ተደርድሮ፣ ሣሩ ተከርክሞ አየን። ለፎቶ ያምራል። አንዲት የጭቃ ወፍ አልነበረችበትም። ምክንያቱም ጭቃ የለም።

የዚያን ቦታ ስም አንጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቦታ ነገር አይደለም። ስለ ሐይቅ ስናስብ ወይ ውሃ እናስባለን ወይ መሬት። ውሃው ለጀልባ፣ መሬቱ ለሆቴል። በሁለቱ መሐል ያለው፣ ዛሬ ውሃ ነገ መሬት የሚሆነው፣ ቄጤማና ትንኝ ያለበት፣ ጫማ የሚያበላሸው ቦታ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ «ይጸዳል»፣ «ይለማል»፣ «ይታጠራል»። ሆኖም ሕይወቱ ያለው እዚያ ነው። ዓሣው የሚፈለፈለው ቄጤማው ውስጥ ነው። ከከተማው የሚመጣውን ቆሻሻ መጀመሪያ የሚያጠልለው ያ ረግረግ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚፈስስበት ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። የውሃ ጠርሙሳችሁም ጭምር።

ወፎቹም እኛም በአንድ ጊዜ ነው የተባረርነው ማለት ነው። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ በነጻ ማሰብ፣ ፍቅረኛን ይዞ መሄድ፣ እግርን ውሃ ውስጥ መንከር ለከተማ ልጅ እየጠበበ ነው። ለራፍም እየጠበበ ነው። እሱ ግን አቤቱታ አይጽፍም፤ አንድ ዓመት ብቻ አይመጣም።

እንዴት ታወቀ?

«ከሳይቤሪያ መምጣቱን በምን አወቃችሁ?» የሚል ሁሌም አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የጥንት አውሮፓውያን ወፎቹ ክረምት ሲገባ የት እንደሚጠፉ እየጨነቃቸው ሐይቅ ሥር ይተኛሉ፣ ወደ ሌላ እንስሳ ይለወጣሉ እያሉ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ፣ ክሉትስ በሚባል መንደር አጠገብ፣ አንድ ነጭ ሽመላ ተገደለ። አንገቱ ውስጥ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ፍላጻ ተሰክቶበት ነበር፤ የአፍሪካ ፍላጻ። አፍሪካ ላይ ተወግቶ፣ ፍላጻውን እንደያዘ አውሮፓ ድረስ በርሮ ደርሷል። ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ደርቆ ቆሟል። ወፎች የት እንደሚከርሙ ለአውሮፓ የነገራት የመጀመሪያው ግልጽ ማስረጃ ከእኛ አህጉር የተላከ ቀስት ነበር። ደብዳቤው ጨካኝ ነው፣ ግን ደረሰ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1899 ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ወፎች እግር ላይ ቁጥርና አድራሻ ያለበት ቀለበት ማሰር ጀመረ። አሁን ሳተላይት አለ። እናንተም ደግሞ አላችሁ። ኢበርድ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በተጀመረው መዝገብ ላይ ማንም ሰው ያየውን ወፍ፣ ቀንና ቦታ ይመዘግባል፤ ሳይንቲስቶች ይጠቀሙበታል። ሜርሊን የሚባለው ነጻ አፕ ፎቶ አይቶ ስሙን ይነግራችኋል። በኛም አገር ሥራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቶ አውጥቷል፤ ዝዋይ፣ አቢጃታና ሻላ፣ ሐዋሳም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በየዓመቱ ጥር ላይ በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ የውሃ ወፍ ቆጠራ ይካሄዳል።

ቆጠራ የሚያሰለች ነገር ይመስላል። ግን ፔሊካኖቹን አስቡ። ሻላ ላይ በሺህ ይፈለፍሉ እንደነበር የምናውቀው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለቆጠረ ነው። ባይቆጥር ኖሮ ዛሬ ባዶዋን ደሴት አይተን «ድሮም ወፍ የለም» ብለን እናልፍ ነበር። የጠፋን ነገር ለማወቅ መኖሩን መመዝገብ ያስፈልጋል። ዛሬ የምትመዘግቧት አንዲት ራፍ ከሃያ ዓመት በኋላ አጥር ሊሠራ ለመጣ ሰው የምታሳዩት ማስረጃ ናት።

እንግዲህ

ለመሄድ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ባይኖኩላር ካለ ጥሩ፤ አራት ሆናችሁ አንድ ይበቃል፣ እኛም እንደዚያው ነን። ሊጨማለቅ የሚችል ጫማ። በጧት መነሣት፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ እያርገበገበ ጭቃውና ወፉ ይደባለቃሉ። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ። አለመሮጥ፣ ለፎቶ ብሎ አለማስበርገግ፤ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በርሮ የመጣ ፍጡር የምትወስዱበት እያንዳንዷ በረራ ከስቡ ላይ ነው የምትቀነሰው። አቢጃታ ላይ ያለ ስካውት ወደ ጭቃው አለመግባት። የአካባቢውን ሰው ማናገር፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከማንም አፕ በላይ ያውቃሉ። ሩቅ መሄድ ካልቻላችሁም አዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ግድብና ረግረግ ላይ በዚህ ወቅት አንድ ሁለት እንግዳ አይጠፋም።

እና ስትመለሱ አውሩ። አሁን ዳርቻ የሚታጠረው፣ ወንዝ የሚሳበው፣ ቄጤማ የሚነቀለው «እዚያ ምንም የለም» በሚል ምክንያት ነው። ምንም የለም የሚሉት ቦታ ላይ ገና ሦስት ወር ያልሞላት፣ እናቷን ተከትላ ያልመጣች፣ ሎሚ የማታክል ወፍ ቆማ ጭቃ እየወጋች ነው። እሷ የኛን ሐይቅ በማታውቀው መንገድ አግኝታዋለች። ቀጠሮውን በእሷ በኩል አክብራለች። ጭቃው ግን በእኛ እጅ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት!